ሳልደርሰው የቀረሁት ለቅሶ

ልጄ ነርስ ናት። ቂም ደም ግፊት ያባብሳል እያለች ትመክረኛለች። ክንዴን አስራ ግፊቴን ስትለካ ፊቷን አይቼ ውጤቱን አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ምክሩ ይረዝማል። እኔ የምመልስላት አንድ ነው። አባቷ ከሞተ በኋላ በየጠዋቱ ከአልጋዬ ጎትቶ ያስነሳኝ፣ ፊቴን አስታጥቦ ሱቅ ያስከፈተኝ የምታስውጠኝ ኪኒን ሳይሆን ቂሜ ነው። ስለዚህ ማንም ተነስቶ ይቅር በዪው እንዲለኝ አልፈልግም። ይህንንም የምጽፈው ይቅርታዬን ለማወጅ አይደለም።

ቂሜ ከአንድ ህንዳዊ ጋር ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ዝናው ላይ የምጨምርለት ይመስለኛል። ዛሬ በምንኖርባት ከተማ በኦሮራ የእሱ ካርቶን አርፎበት የማያውቅ የሐበሻ ደጃፍ ያለ አይመስለኝም። ሰዉ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ነጠላውን ሳይቀር ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ያዝዛል፤ በማግስቱ ደጁ ላይ ያገኘዋል። የሚልከው እሱ ነው። መጽሔት ላይ እጁን አጣምሮ ቆሞ አይቼዋለሁ። የንግድ ተማሪዎች ጠርተውት እንዴት እዚህ እንደደረሰ ሲያስረዳቸው ሰምቼዋለሁ። እኔን ቢጠይቁኝ ይሻላቸው ነበር፤ የተነሳው ከእኔ ጓዳ ነውና።

ሱቄ ኢስት ኮልፋክስ የሚባለው ጎዳና ላይ ነው፤ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ የሚቆመው ደጄ ላይ ነው። በረዶ በሚጥልበት አንድ ቅዳሜ ከዚያ አውቶቡስ ወርዶ፣ ለመስከረም እንኳ የማይበቃ ስስ ጃኬት ለብሶ፣ እየተንቀጠቀጠ ገባ። ሄል አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሄል አልቆብኝ ስለነበር ኮረሪማ ፈልፍዬ እጁ ላይ አደረግኩለት። አሸተተው፤ እንደገና አሸተተው። እናቴ ይህን ብታገኝ ከሰፈሩ ሴት ሁሉ ትጣላበት ነበር ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አይቀርም። እኔን አንቲ፣ ባሌን አንክል አለን። የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ አንቲ ሲለኝ ግን እርስዎ እንዳለኝ አድርጌ ነው የምሰማው።

ባሌ ገና እንዳየው ወደደው። ልጅ ሆኖ ሂሳብ ያስተማሩት ህንዳዊ ነበሩና ህንድ ሲያይ ከወንበሩ ብድግ ማለት ልማዱ ነው። ልጁ አንገቱን ሲያወዛውዝ እሺ ማለቱ ይሁን እንቢ ማለቱ እኛ ግራ ሲገባን፣ ባሌ ወዲያው ይገባዋል። ባሌ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ቤት ነው። ልጁ ዳውንታውን ካለው የኮምፒውተር ቢሮው ሥራ ለቅቆ በኢንተርኔት ልነግድ ነው ባለ ጊዜ፣ እኔ አብደሃል ወይ ስለው ባሌ ጓዳችንን ይጠርግ ጀመር። የተበላሸ ፍሪጅ ነበረበት፤ አወጣው። እንጨት ገዝቶ መደርደሪያ መታለት። መኪና መንዳት ያስተማረውም እሱ ነው። በረዶ ላይ ፍሬን መርገጥ እንደማይገባ፣ ተዳፋት ላይ እንዴት ፓርክ እንደሚደረግ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ሲያሽከረክረው ይውላል።

ሕይወቱን ያጫወተን ያቺ ጓዳ ውስጥ አብረን ካርቶን ስናሽግ ነው። ህንድ አገር፣ ጉጃራት ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ነው የተወለደው። አባቱ ስፋቱ ከበር የማይበልጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። እናቱ ማንጎ በዘይትና በቅመም ዘፍዝፋ በጠርሙስ ታሽጋለች፤ እሱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በብስክሌት እየዞረ ለየቤቱ ያድላል። ሰው ወደ ሱቅ እስኪመጣ መጠበቅ ስንፍና ነው፣ ሱቁ ወደ ሰው ይሂድ ትል ነበር አሉ። ንግድ ያስተማረችኝ እሷ ናት ይለናል። ስለ አባቱ ብዙ አያወራም። ሞተዋል ብሎ ያልፈዋል።

መጀመሪያ የሸጠው ድርብርብ የብረት ምሳ ዕቃ ነበር። መሸጥ ከተባለ። ካርቶኑ ጓዳዬን ሞልቶ እስከ ሽንኩርቱ ማዳበሪያ ድረስ ወጣ። ማንም አላዘዘም። አንድ ቀን መሬት ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጦ ሲቀር ባሌ አጠገቡ ሄዶ ተቀመጠ። ምሳ ዕቃውን ተወው አለው። ሳውዝ ዳኮታ ሄዶ ሥጋ ፋብሪካ የሚሠራ ሐበሻ ሽሮ ከየት ያመጣል? በርበሬ ማን ይሰጠዋል? እዚህ ያለውን እዚያ ላክ አለው።

ነገሩ የተጀመረው በዚህ ነው። የእኔን በርበሬ በእኔ ባንኮኒ ላይ ፎቶ አነሳው። የገዛ ሰው ትንሽ ምርቃት ካልተጨመረለት አይመለስም ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ በየካርቶኑ አንድ እፍኝ ቆሎ እየቋጠርኩ የጨመርኩለትም እኔው ነኝ። ካርቶኑን ጠዋት ጠዋት ወደ ፖስታ ቤት የሚያመላልስለት ባሌ ነው። አንድ ቀን አጓጉል በረዶ ጥሎ መንገድ ሲዘጋ እንኳ ባሌ ሄደ፤ ሰው ለጾም መያዣ ያዘዘው ሽሮ ከዘገየ ምን ዋጋ አለው ብሎ። ልጁ ሰውነቱ ወፈር እያለ፣ ጃኬቱ እየተለወጠ ሄደ። ኋላ ኮሜርስ ሲቲ ትልቅ መጋዘን ያዘና ጓዳችንን ለቀቀ። የእኛን ሴቶች ብዙዎቹን ለማሸግ ሥራ ቀጠራቸው። ምንም አልቀረብንም፣ እሰየው አልን። ባሌ መጋዘኑን ሊያይ ሄዶ ሲመለስ የገዛ ልጁን የዳረ ይመስል ነበር።

ከዚያ ባሌ ሞተ። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ መሪው ላይ ተደፋ። ኋላ ያሉት ሹፌሮች ተኝቶ መስሏቸው ክላክስ ይነፉበት ነበር።

ለቅሶው ኦሮራ አፓርታማችን ነበር። የእድሩ ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ከእንግልውድ፣ ከኮሜርስ ሲቲ፣ ከሌላ ስቴት ሳይቀር በመኪና ሌሊቱን ነድቶ የመጣ አለ። ባሌን በክፉ የሚያነሳ፣ ተኳርፎት የኖረ አንድ የታክሲ ሰው እንኳ መጥቶ ግንባሩን ይዞ አለቀሰ። እኔ ፍራሹ ላይ ተቀምጬ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። ማንን እንደምጠብቅ ልጄ አውቃለች። ህንዱ አልመጣም። ቀብር ላይ አልመጣም። እስከ ሠልስቱ አልመጣም።

በሠልስቱ ቀን በሩ ተንኳኳ። ካርቶን ነው። የእሱ ካርቶን፣ የእሱ ምልክት ያለበት ፕላስተር። ሴቶቹ ከበውኝ ተከፈተ። ፍራፍሬ ነው። በላዩ የታተመ የሐዘን ካርድ አለ፤ የእጅ ጽሑፍ የለበትም። ከፍሬው ሥር ደግሞ ለደንበኛ ሁሉ የምትገባዋ ወረቀት ወጣች። አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት፣ በኮከብ ይንገሩን ትላለች። አንዷ እንግሊዝኛ የማታውቅ ሴት ምን ይላል አለችኝ። ልጄ ከእጄ ነጥቃ ኪሷ ከተተችው።

«ማሚ፣ አት ሊስት ሂ ሴንት ሰምቲንግ» አለችኝ። ቢያንስ የሆነ ነገር ልኳል ማለቷ ነው። እዚህ የተወለደች ናት፣ አልፈረድኩባትም። ፍሬውን ግን አንድም ሰው እንዲበላው አልፈቀድኩም። ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ድረስ ራሴ ተሸክሜ ሄድኩ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ከፍራሽ አትነሳም እያሉ ከኋላዬ ሲከተሉኝ።

ሐዘን ላይ የታዘብኩትን ሐዘን ሲወጣ እረሳው ይሆን ነበር። እሱ ግን አላስረሳኝም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ዳውንታውን አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ንግግር አድርጎ ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ። እኔ ዘንድም ደረሰ። ሱፍ ለብሷል፣ ጆሮው ላይ ማይክ ሰክቷል። ኢስት ኮልፋክስ ላይ በአንዲት ጠባብ ጓዳ ውስጥ፣ በአንድ ላፕቶፕ፣ ብቻዬን ጀመርኩ አለ። ብቻዬን። ሰዉ አጨበጨበለት። ስለ ቆሎውም ተናገረ፤ ምርቃቴ ስትራቴጂ ተብላለች። ሳውዝ ዳኮታም ተነሳች፤ አንድ ቀን ድንገት የመጣልኝ ሐሳብ ነው አለ። ደሜ ፈላ። ባሌ የመታው መደርደሪያ አሁንም ጓዳዬ ውስጥ አለ፤ ባሌ በእጁ ያሰመረው ምልክት እርሳሱ ሳይለቅ እንጨቱ ላይ ይታያል። ቪዲዮውን መልሼ መላልሼ አየሁት፤ ብቻዬን የሚላት ቦታ ላይ እየደረስኩ አቆመዋለሁ።

ልበቀለው ብዬ ወሰንኩ። በምን እንደምበቀለው ግን አላውቅም ነበር። አንድ ቀላል መንገድ ነበረኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለሁለት ሴት ብቻ የህንዱ በርበሬ ሸክላ አለበት ብዬ ብናገር፣ እስከ ማክሰኞ ሲያትል ይደርሳል። አፌ ላይ ብዙ ጊዜ መጥቶ መልሼዋለሁ። ለእሱ አዝኜ አይደለም። መጋዘኑ ቢዘጋ የሚባረሩት የእኔው ደንበኞች፣ የባሌን ለቅሶ የደረሱ ሴቶች ናቸው። ደግሞ ውሸት ነው፤ በርበሬውን የሚያስፈጨው እኔ ባሳየሁት መንገድ ስለሆነ ንጹሕ ነው። ጠበቃ ያዢ ብሎ የመከረኝም ነበር። ጠበቃ ምን ያደርግልኛል? እኔ የቀረብኝ ገንዘብ አይደለም። እኔ የምፈልገው ፍራሽ ላይ ተቀምጦ በር በሩን እንዲያይ፣ የሚጠብቀው ሰው እንዲቀርበት ነው። ሌላ ምንም ቅጣት አይመጥነውም።

ለዚህ ደግሞ ለቅሶ ያስፈልገዋል። እናቱ እንድትሞት አልተመኘሁም፤ ይህን ፈጣሪ ያውቃል። ጤናዋን መጠየቅ ግን አቆምኩ። አልፎ አልፎ ሱቅ ብቅ ሲል፣ ጥሩ ነህ ወይ፣ ሥራ እንዴት ነው እላለሁ፤ ቀድሞ የማልረሳውን እናትህ እንዴት ናቸው የሚለውን ዋጥ አደርገዋለሁ። እሱ አላስተዋለም። ስልኩን እያየ ሰላም ብሎኝ ይወጣል።

ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። ወሬውን ያመጣችልኝ ከመጋዘኑ የምታሽግ አንዲት የሱቄ ደንበኛ ናት። ሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ከሰዓት በኋላ መጣች፣ ዓይኗ አብጧል። የሆነውን ነገረችኝ። ህንዱ መጋዘኑ መሃል ቆሞ ስልክ ያነሳል፤ ወንድሙ ነው። እናቱ ሞታለች። እንዲያው በቁሙ፣ በስልክ፣ ካርቶን በሚያመላልሰው ማሽን ጩኸት መሃል መርዶ ሰማ። ሴቶቹ ይህን ሲያዩ ጉድ አሉ። ሰው እንዴት መርዶ በስልክ ይነገረዋል፣ እንዴት ቆሞ ይሰማል ብለው ማሽኑን አጠፉ። ከእናንተ እያንዳንዳችሁ በሰዓት ይህን ያህል ካርቶን እያለ የሚቆጣጠራቸውን ሰውዬ ክንዱን ይዘው ካርቶን ላይ አስቀመጡት። ውሃ አጠጡት። ከዚያ ለማያውቋት የጉጃራት ሴት ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱላት።

አስከሬኑን በማግስቱ እዚያው አገሩ ያቃጥሉታል፣ አይደርስበትም አለችኝ፤ ሰንበት ብሎ ነው ለሥርዓቱ የሚሄደው፤ እስከዚያ ቤቱ ልንቀመጥለት ነው። የእድሩን ወንበርና ድስት ልትወስድ ነው የመጣችው። የእድሩ ዕቃ ያለበት ስቶሬጅ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ቁልፉን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋት። አብረን እንሂድ ብላ ቆመች።

«ወንበሩ የእድሩ ነው፤ ውሰዱት» አልኳት። «እኔ ግን አልሄድም።»

«እትዬ፣ እርስዎ ያልሄዱ ማን ሊሄድ ነው? እኛ አሠሪያችን ነው፤ ለእርስዎ ግን ልጅዎ ነበር እኮ።»

«ነበር» አልኳት።

ከዚያ የተቀመጡለትን ቀናት ሁሉ እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ወሬውን ጠብ ሳይል ሰማሁት። እንግልውድ ጫፍ ላይ ያለው ትልቅ ቤቱ በሐበሻ ተጥለቀለቀ። ጎረቤቶቹ የመኪናውን ብዛት አይተው ሰርግ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሥጋ ስለማይበላ ምስርና ጎመን ሠሩ፤ ንፍሮም ቀቀሉለት። አንዷ አልቃሽ ሙሾ ላውጣላቸው፣ እናትህ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ አለችው አሉ። ብስክሌቱን ነገራት፣ የማንጎውን ጠርሙስ ነገራት። እሷም ያንኑ በአማርኛ ግጥም አድርጋ አንጎራጎረችው፤ ቤቱ ተላቀሰ። እኔ የማውቀው ታሪክ ነው፤ ከእኔ ጓዳ የወጣ ታሪክ ነው። ያችን ሙሾ ሳልሰማት መቅረቴ ቆጨኝ፣ መቆጨቴ ደግሞ አናደደኝ።

ሰው ለቅሶ ሲቀር ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። በርበሬ ሊገዛ የገባ ሁሉ ሄድሽ ወይ ይለኛል። አልሄድኩም እላለሁ። አሞሽ ነው ወይ? ደህና ነኝ። ከዚያ ፊታቸው ይለወጣል፣ የገዙትን ይዘው ቶሎ ይወጣሉ። የእድሩ ሊቀ መንበር ደውለው፣ አንቺ እንኳን ለወዳጅ ለጠላትም የምትደርሺ ነበርሽ አሉኝ። በአክብሮት ሰማኋቸው፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ይበለው እያልኩ መስታወት ወለወልኩ። ሰው በገባ ቁጥር ቀና እያለ እኔን ሲያጣኝ በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኛል። የት ቀረች ሲል፣ ሲያፍር፣ ሲገባው። እንደዚያ ያለ ደስታ አግኝቼ አላውቅም፤ ልጄ በዚያ ሳምንት ግፊቴን ለካች፣ ቁጥሩ ወርዶ አገኘችው።

ያችው ሴት ቁልፉን ልትመልስ ስትመጣ አላስችል አለኝ። ዕቃ የማስተካክል መስዬ፣ ሰውየው የጠየቀው ሰው አለ ወይ አልኳት። ስለ ማን አለችኝ። ስለ ማንም፣ ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ እንደሆነ ብዬ ነው አልኳት። አሰበች። ኧረ ምንም አላለም እትዬ አለች።

እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ሁለት ዓመት ያሳደግኩት በቀል መሬት ላይ ወድቆ ድምፅ እንኳ አላሰማም። አላየኝም፤ አለመኖሬን አላየውም።

ህንድ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ አንድ የሥራ ቀን ረፋድ ላይ ሱቅ መጣ። መጀመሪያ አላወቅኩትም። ጸጉሩን ተላጭቷል፤ ለእናታቸው እንዲያ ያደርጋሉ፣ ከእኛ የተማሩት መሰለኝ። ከስቷል። በእጁ ስልክ የለም። ባንኮኒው ጋ ቆሞ መዳፎቹን አጋጥሞ ሰገደልኝ። እኔ እግዜር ያጽናህ አላልኩትም። ሌላ ሰው ቢሆን ከደጅ ሳይገባ ይባላል።

«አንቲ፣ ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት» አለኝ።

የምን ምስጋና እንደሆነ አልገባኝም። ቀጠለ።

«ሁሉም መጡልኝ። ደግ ናቸው፤ እስከምሞት አልረሳውም። ግን ያለቀሱት እነሱ ናቸው፣ እኔ እንግዳ ሳስተናግድ አላለቀስኩም። እርስዎ ብቻ ገባዎት። ስፔስ ሰጡኝ። እኔም አንክል ያረፈ ጊዜ ለእርስዎ እንዳደረግኩት።»

ጆሮዬን አላመንኩትም። ስፔስ። ምን ማለትህ ነው አልኩት። ያኔ ስለ አባቱ አወራኝ፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያላወራውን። አባቱ የሞቱት እሱ ገና ተማሪ ሆኖ እዚህ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት ነው። በእነሱ ከተማ ሰው ሲሞት መንደሩ ለቀናት ቤቱን አይለቅም፤ እሱ ግን የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ብቻውን ነበር። ማንም በሩን አላንኳኳም። አብሮት የሚማር አንድ ልጅ የታተመ ካርድ በበሩ ሥር አሾለከለት። ኋላ ሲያገኛቸው፣ ሆን ብለን ነው፣ ብቻህን እንድትሆን ስፔስ ሰጥተንህ ነው አሉት። በዚህ አገር ሐዘንተኛን የሚያከብሩት እንደዚህ ነው ብሎ ያዘው። ለባሌ ለቅሶ እኛ በር ድረስ በመኪና መጥቶ ነበር አለኝ። በመስኮት ሰዉን አየ፤ የሰለጠነ ሰው አይረብሽም ብሎ ራሱን ይዞ ተመለሰ። ፍሬውን ከመጋዘኑ ላኩ ብሎ አዘዘ። እኔ ደግሞ እዚህ አገር ብዙ ዘመን የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ከሁሉም በላይ ሥርዓቱን የማውቀው እኔ መሰልኩት።

እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ተመርቄ እሸኘው ነበር። ደግ አንቲ እንደሆንኩ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ደግሞ መድረክ ላይ ይተርከኝ ይሆናል። አልቻልኩም። በቀሌን ውለታ አድርጎ ሊወስድብኝ ነው።

«ስፔስ አልሰጠሁህም» አልኩት። «የቀረሁት እንዲያቃጥልህ ነው። ባሌ የሞተ ጊዜ እኔ በሩን ሳይ እንደነበርኩ፣ አንተም እንድታይ ነው።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ቀስ ብሎ ዱቄት ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠ። የእኛ ሴቶች ቤቱን ሞልተው ምን እንዳደረጉለት አሁን በሌላ ዓይን እያየው እንደሆነ ከፊቱ ታወቀኝ።

«እኔን ይጠብቁኝ ነበር?» አለኝ።

ልተወው እችል ነበር። አልተውኩትም። እስከዚያ ቀን ለልጄም ያልነገርኳትን ነገርኩት።

«ሣጥኑን ከሚሸከሙት መሃል አንድ ቦታ የአንተ ነው ብዬ አስይዤልህ ነበር» አልኩት። «በቀኝ በኩል፣ ከፊት። ቄሱ እንሂድ እንሂድ ሲሉ ትንሽ ቆዩ አልኳቸው። ብዙ ቆየን። አንተ አልመጣህም። መጨረሻ ላይ የቀብር ድርጅቱ ሠራተኛ ያዘው፤ ባሌን አይቶት የማያውቅ ፈረንጅ።»

መዳፉን ዓይኑ ላይ አደረገ። መጀመሪያ ትከሻው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ከዚያ አንክል አለ፣ ደግሞ አንክል አለ፤ ድምፁ ወጣ። ለእናቱ ያላለቀሰውም አብሮ ነው የመጣው መሰለኝ፤ የሚጠራው ግን ባሌን ነበር። በአገሩ በሚለቀስበት ልክ አለቀሰ፤ እኔ ህንዶች እንደዚያ ማልቀሳቸውን አላውቅም ነበር።

ሐዘንተኛ ሲበዛበት ይበቃሃል ይባላል። ትከሻውን ይዞ ቀና ማድረግ ወግ ነው። አፌ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት። ውሃ እንኳ አላቀረብኩለትም። ባንኮኒዬን ተደግፌ ሰማሁት። ባሌ በተቀበረበት ቀን ሰዉ እኔን ሲያባብል፣ እኔን ሲደግፍ ዋለ እንጂ ስሙን እንዲህ አፋቸውን ሞልተው የጠሩት ጥቂቶች ነበሩ። ይህን ማስቆም አልፈለግኩም።

አንዲት ደንበኛዬ ገባች። ያን የሚያህል ሰው፣ በመጽሔት የምታውቀው ሰው፣ ተላጭቶ ዱቄት ላይ ተቀምጦ ሲነፈርቅ አይታ ደነገጠች። ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ምን ሆኖ ነው፣ ለምን አታባብዪውም አለችኝ።

«ተይው ያልቅስ» አልኳት። «የባሌን ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ነው።»